ኤሊን በቤት ስለ ማኖር

ሰው እንስሳን ወደ ቤቱ የሚያስገባው በልዩ ልዩ ምክንያት ነው። በሬውን ለእርሻ፥ ላሟን ለወተት፥ አህያውን ለጭነት፥ ውሻውን ለጥበቃ፥ ድመቷን ለአይጥ ያስገባል። በዚህ ሁሉ መካከል የመስጠትና የመቀበል ውል አለ፤ ውሉ በወረቀት አልሰፈረም እንጂ ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል። ድመት የተራበች እንደ ሆነ ትጮኻለች፥ በእግርህ መካከል እየተሽሎከለከለች መቆሚያ ታሳጣሃለች፤ ይህም ካልሆነላት ጥላህ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። ውሻ የታመመ እንደ ሆነ ያላዝናል። በቅሎም ብትሆን ጭነት ሲበዛባት ትራገጣለች። እንግዲህ እነዚህ እንስሶች ጌታቸው ሲበድላቸው አቤት የሚሉበት መንገድ አላቸው ማለት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሣት የፈለግሁት እንስሳ ግን ይህ መንገድ የላትም፤ እርሷም ኤሊ ናት።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው በኮዬ ፈጬ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ያለው ይህ ሰፈር ከጥቂት ዓመታት በፊት እህል የሚዘራበት መሬት ነበር። ዛሬ ፎቅ ከፎቅ ጋራ ተሰልፎ ቆሞበታል፤ ነዋሪውም ከየአቅጣጫው በዕጣ የተሰባሰበ ነው። አብዛኛው ሰው ያደገው ግቢ ባለው ቤት፥ ከዶሮና ከበግ ጋራ ስለ ሆነ፥ ኮንዶሚኒየም ሲገባ አንድ ነገር እንደ ጎደለው ይሰማዋል። በየፎቁ የሚያድጉት ልጆችም ሕይወት ያለውን ነገር መንካትና ማየት ያምራቸዋል። ይህ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። እንስሳ ሳያይ ያደገ ልጅ ወተት ከሱቅ የሚመነጭ እየመሰለው ይቀራልና።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር አንድ ወጣት ደረጃ ላይ አገኘኝና፥ «ጋሼ፥ ኤሊ ላሳድግ አስቤአለሁ፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ከእንስሳ ሁሉ ኤሊን ለምን እንደ መረጠ ጠየቅሁት። «አትጮህም፤ ስለዚህ ጎረቤት አይቆጣኝም። ጠጉር አታራግፍም። ብዙ አትበላም። ክፍለ አገር ደርሼ ብመጣም ትጠብቀኛለች እንጂ ምንም አትሆንም» አለኝ። ልጁ አስተዋይ ነው፤ ሳያመዛዝን አልተናገረም። ነገር ግን ቆጥሮ ከነገረኝ አራት ምክንያት አንዱ እንኳ ስለ ኤሊዋ አልነበረም፤ ሁሉም ስለ እርሱ ምቾት ነበር። ደግሞም ልብ ብለን ስናየው፥ «አትጮህም» ማለት ስትታመም አልሰማትም ማለት ነው። «ብትቆይም ትጠብቀኛለች» ማለት ረኃቧ እኔን አይቀሰቅሰኝም ማለት ነው። ኤሊን ያስመረጡን ጠባዮች፥ እኛ ስንበድላት በደሉን የሚሸፍኑልን ጠባዮች ናቸው። ለሚጮኸው ሁሉም ይሰጣል፤ ዝም ለሚለው የሚሰጠው ግን ማስተዋልን የተማረ ሰው ብቻ ነው። ኤሊን ማሳደግ ከሌላው እንስሳ ይልቅ ቀላል ነው የሚባለው አባባል ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የትዕግሥቷ ነገር ምን ያህል እንደ ጎዳት ከታሪክ ማየት ይቻላል። በታላቁ ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ጋላፓጎስ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ በእነርሱም ላይ እጅግ ታላላቅ ኤሊዎች ይኖራሉ። በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ዓሣ ነባሪ የሚያድኑ መርከበኞች በዚያ ሲያልፉ፥ ኤሊ ያለ ምግብና ያለ ውኃ ለብዙ ወራት፥ እስከ ዓመት እንኳ፥ በሕይወት እንደምትቆይ ዐወቁ። ስለዚህ በሕይወት እንዳሉ እየጫኑ በመርከቡ ሆድ ውስጥ አንዷን በአንዷ ላይ ይደረድሯቸው ነበር፤ ትኩስ ሥጋ ባስፈለጋቸው ጊዜ አንዷን አውጥተው ያርዳሉ። በሬ እንዲህ ቢደረግ በሳምንቱ ይሞትና ጭካኔው ሳይጠቅም ይቀር ነበር። የኤሊ ቻይነት ግን ጭካኔን ትርፍ ያለው ነገር አደረገው። በዚህ ዓይነት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኤሊዎች ተወሰዱ፤ የአንዳንዱ ደሴት ዘርም ፈጽሞ ጠፋ። ፒንታ ከተባለው ደሴት የተረፈው፥ «ብቸኛው ጆርጅ» ተብሎ ይጠራ የነበረው የመጨረሻው ኤሊ፥ እ.ኤ.አ. በ2012 ሞተ።

መርከበኞቹ ጨካኞች ስለ ነበሩ ነው እንዳትል፥ የደግ ሰው ምሳሌም ልጨምርልህ። በእንግሊዝ አገር ጊልበርት ኋይት የሚባል ቄስ ነበረ፤ የመንደሩን ወፍና አራዊት እየተመለከተ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1789 ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። ይህ ሰው አክስቱ በግቢዋ ለብዙ ዓመት ያኖረችውን ኤሊ ወርሶ ቲሞቲ ብሎ ይጠራው ነበር። መቼ ከመሬት እንደሚወጣ፥ መቼ እንደሚቀበር፥ ምን እንደሚበላ ይመዘግባል፤ በሚዛን ይመዝነዋል፤ ይሰማ እንደ ሆነ ለማወቅም በመለከት ጮኾበታል፥ ኤሊው ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ያ ኤሊ በሰዎች መካከል ከሃምሳ ዓመት በላይ ከኖረ በኋላ ሲሞት ቅርፊቱ ተመረመረና ሴት ሆኖ ተገኘ። እንደዚያ ያለ ተመልካች ሰው ያላወቀውን፥ እኔና አንተ በወር በሁለት ወር እናውቀዋለን ብለን መመካት አይገባንም።

ብዙ ሰው የኤሊ ቅርፊት እንደ ቤት ወይም እንደ ልብስ ያለ፥ ከአካሏ የተለየ ነገር ይመስለዋል። እንደዚህ አይደለም። ቅርፊቱ ከስልሳ ያህል አጥንቶች ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ የጀርባ አጥንቷና የጎድን አጥንቶቿ ከእርሱ ጋራ አንድ ሆነው ተያይዘዋል። በውስጡም ደምና ጅማት ያልፋል፤ ስለዚህ የነካትን ታውቃለች፥ ሲጎዷትም ያማታል። ከጠርዙ ላይ በስተው ገመድ የሚያስሩባት፥ ቀለም የሚቀቧት ሰዎች በድንጋይ ላይ የሚሠሩ ይመስላቸዋል፤ የሚሠሩት ግን በሕያው አጥንት ላይ ነው። ልጆች ለጨዋታ ገልብጠው በጀርባዋ ያስተኟታል። ሳንባዋ ከጀርባዋ ቅርፊት ሥር ስለሚገኝ፥ በተገለበጠች ጊዜ የሆድ ዕቃዋ ሁሉ በሳንባዋ ላይ ይጫናል፤ ብዙ ከቆየች፥ ይልቁንም በፀሐይ ላይ ከሆነች፥ ትሞታለች። ይህንንም ሁሉ ያለ አንድ ድምፅ ትቀበለዋለች።

አሁን ወደ አኗኗሯ እንምጣ። በአገራችን ከሚገኙት የየብስ ኤሊዎች ዋነኛዋ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር የሆነችው ናት። በስምጥ ሸለቆ፥ በአዋሽ ፓርክና በዚያ አካባቢ ባለው ቆላ ትኖራለች። በቆላ ትኖራለች ያልሁትን ልብ በል። ኤሊ እንደ እኛ የሰውነቷን ሙቀት ከውስጥ አታመነጭም፤ ሙቀቷን የምትቀበለው ከፀሐይና ከመሬት ነው። ሰውነቷ የበረደ እንደ ሆነ የበላችው ምግብ አይፈጭላትም፥ በሆዷ ውስጥ እንዳለ ይበላሻል። ኮዬ ፈጬ ደግሞ እንደ ቀረው አዲስ አበባ ሁሉ ደጋ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በክረምት ደግሞ ያ መረሬ መሬት ጭቃ ሆኖ ፀሐይ ለቀናት ትጠፋለች። ብርድና እርጥበት በአንድነት ሲመጡባት አፍንጫዋ ይፈስሳል፥ ሳንባዋ ይታመማል። የአውሮፓ ኤሊዎች ክረምቱን ከመሬት ተቀብረው እንደሚያሳልፉ አንብቦ፥ «ተኝታ ነው» እያለ የሚተዋት ሰው አለ። የእኛዋ የቆላ ኤሊ ግን እንዲህ ያለ የክረምት እንቅልፍ የላትም፤ በብርድ ደንዝዛ ዝም ያለች ኤሊ አላረፈችም፥ ታማለች።

ፀሐይ ለሙቀት ብቻ አይደለም የምታስፈልጋት። አጥንቷ እንዲጠነክር በፀሐይ ውስጥ ያለው ጨረር በቀጥታ ሊያገኛት ይገባል፤ ይህንንም ጨረር የመስኮት መስተዋት ይከለክለዋል። ስለዚህ በሳሎን መስኮት አጠገብ የሚያኖራት ሰው ብርሃን ሰጠኋት ሲል፥ ቅርፊቷ ከዓመት ወደ ዓመት እየለሰለሰና እየተጣመመ ይሄዳል። ምግቧ ሣር ነው፤ ደረቅና እርጥብ ሣር፥ ልዩ ልዩ አረም፥ የበለስ ቁልቋል ቅጠልና ፍሬ። እንጀራ፥ ዳቦ፥ ወተትና ሥጋ የእርሷ አይደሉም። ቢሰጧት ትበላ ይሆናል፤ ሕፃንም ከረሜላ ቢሰጡት ይበላል። ውኃ ትጠጣለች፤ ጠፍጣፋ በሆነ ገበታ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ቢደረግላት ገብታ ትነከርበታለች። ከሁሉ ይልቅ ግን የምትዞርበት መሬት ትሻለች። ያደገች እንደ ሆነ ርዝመቷ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፥ በእኛ አገር በኩል ያሉት ከዚያም ያልፋሉ፤ አንድ ጎልማሳ ተቸግሮ የሚያነሣት ትሆናለች። ሱቅ ወይም መንገድ ላይ በመዳፍህ ይዘህ ያየሃት ያቺው ናት።

የውኃዋን ኤሊ ያሰበ ቢኖር ነገሩ አይቀልለትም። እርሷ የምትዋኝበት ጥልቅ ውኃና ወጥታ ፀሐይ የምትሞቅበት ደረቅ ስፍራ ያስፈልጋታል፤ ሥጋ በል ስለ ሆነችም ውኃዋ ፈጥኖ ይሸታል። በኮዬ ፈጬ ውኃ በፈረቃ ስንቀዳ እንደምንኖር የምታውቅ ልጄ፥ ለኤሊ ገንዳ በየጥቂት ቀኑ የሚለወጥ ውኃ ከየት ልታመጣ ነው?

በረንዳችንን ደግሞ እንመልከተው። ጥቂት እርምጃ የሆነ ሲሚንቶ ነው። ኤሊ የከፍታን አደጋ አታውቅም፤ ከሥር ክፍተት ያለው መከላከያ ካገኘች ገፍታ ትወጣለች፥ ከአራተኛ ፎቅም ትወድቃለች። ወደ ጋራ ግቢው ብትወርድ ውሻ አለ፥ መኪና አለ፥ በድንጋይ የሚሞክራትም ልጅ አይጠፋም። እነዚህን ሁሉ መከላከል አይቻልም አልልም፤ ግን ከማምጣት በፊት እንጂ ከመጣች በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ስለ ንጽሕናዋም አንድ ቃል ልጨምር። ኤሊ ራሷ ሳትታመም ሳልሞኔላ የሚባለውን የሆድ በሽታ ተሐዋስ ተሸክማ ትኖራለች። ነክቷት እጁን ሳይታጠብ የበላ ሰው፥ ይልቁንም ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፥ በብርቱ ሊታመም ይችላል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሰ ትንንሽ ኤሊዎች እንዳይሸጡ ከለከለ፤ ልጆች ትንንሾቹን ወደ አፋቸው ያስገቡ ነበርና። በሳሙና መታጠብ ይበቃል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ መታጠብ ነው፥ ዕቃዋንም ወጥ ከሚሠራበት ስፍራ ማራቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን የዕድሜዋ ነገር ነው። ውሻ የሚያመጣ ሰው የአሥራ ሁለት የአሥራ አምስት ዓመት ቃል ይገባል። ዝንጉርጉሯ ኤሊ ደህና ከተያዘች ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተ ዛሬ ሃያ ዓመትህ ቢሆን፥ በእጅህ ያለችው ትንሽ ኤሊ የልጅ ልጅህን ልታይ ትችላለች። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ታገባለህ፤ የምታገባትም ሴት ኤሊ በቤቷ እንዲኖር ትወድድ እንደ ሆነ አልጠየቅሃትም። ምናልባት ተከራይ ነህ፥ አከራይህ ውጣ ይልሃል። ምናልባት እንደ ብዙዎቹ እኩዮችህ የውጭ አገር ዕድል ይወጣልሃል፤ ሻንጣህን ስታዘጋጅ እርሷ የማን ናት? እናትህ ዘንድ ትተዋታለህ፤ እናትህም ከኤሊዋ በፊት ያረጃሉ። ቅድስት ሄለና በምትባለው የአትላንቲክ ደሴት ዮናታን የሚሉት ኤሊ አለ፤ ከሲሸልስ ደሴቶች ወደዚያ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ በዚያን ጊዜም ሃምሳ ዓመት ያህል የሆነው ሙሉ ኤሊ ነበረ። አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም። እ.ኤ.አ. በ2022 የ190 ዓመት ልደቱ ሲከበርለት ዓይኑ ታውሮ፥ ማሽተቱም ጠፍቶ ስለ ነበረ፥ የእንስሳት ሐኪሙ በእጁ ያጎርሰው ነበር። ደሴቲቱን የገዙ ከሠላሳ የሚበልጡ አገረ ገዦች ተፈራርቀውበታል፤ እርሱ ግን መንግሥት የሚጠብቀው ስለ ሆነ ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ እጅ ሲተላለፍ ኖረ። አንተና እኔ ይህ የለንም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን «ማኖር እችላለሁን?» ሳይሆን «ከየት መጣች?» የሚለው መሆን ነበረበት። በአገራችን በገንዘብ የምትቀርብልህ ኤሊ በአብዛኛው ከዱር የተለቀመች ናት። እርሷ እንቁላል ለመጣል የምትደርሰው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ ነው፤ እንቁላሉም ለመፈልፈል ስምንት ወር፥ አንዳንድ ጊዜ ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከዚያም የሚፈለፈሉትን አሞራና ቀበሮ ይለቅሟቸዋል። ስለዚህ ከቆላው የተወሰደች አንዲት ሙሉ ኤሊ በቶሎ አትተካም። «እኔ ባልገዛ ሌላ ይገዛታል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ሻጩ ነገ ሌላዋን ለመልቀም ወደ ዱር የሚወርደው ግን ዛሬ የከፈልህለትን ገንዘብ ቆጥሮ ነው። ሕጉም ዝም አላለም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝንና መነገድን ይከለክላል፤ ፈቃዱም የሚጠየቀው ከዱር እንስሳት ባለሥልጣን ነው። የየብስ ኤሊዎች ሁሉ ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. በገባችበት፥ በአደጋ ላይ ስላሉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ በተደረገው የዓለም ስምምነት ሥር ይጠበቃሉ፤ ስለዚህ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ዘመድ ስጦታ አድርጎ በሻንጣ መላክም ወንጀል ነው።

ለወጣቱ ጎረቤቴ የሰጠሁት መልስ እንግዲህ «አይሆንም» የሚል ነበር። እርሱም ተቆጥቶ ሳይሆን አዝኖ፥ «ታዲያ በዚህ ፎቅ ላይ ምን ይኑረኝ?» አለኝ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በቀላል የሚመለስም አይደለም። እኔ በበኩሌ በበረንዳዬ ላይ ጥቂት ጥሬ መበተንና ውኃ በሳህን ማኖር ለምጃለሁ፤ እርግቦችና ዋኔዎች መጥተው ይለቅማሉ፥ ሲፈልጉም ይሄዳሉ። ልጁ ይህን ስነግረው ሣቀ፤ የሽማግሌ መጫወቻ መስሎት ይሆናል። ዝንጉርጉሯን ኤሊ በእግሯ ስትሄድ ማየት ከፈለገ ደግሞ ከዝናብ በኋላ አዋሽ ፓርክ ቢወርድ ሣር ስትግጥ ሊያገኛት ይችላል፤ የጉዞው ገንዘብ ከአንድ ገንዳ ዋጋ አይበልጥም።

አስቀድሞ በእጁ ያለች ኤሊ ያለው ሰውስ? ለእርሱ የምነግረው ሌላ ነው። በመጀመሪያ፥ ሰለቸኝ ብሎ ወደ አቃቂ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ሜዳ ወስዶ እንዳይጥላት። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ነፃ እንዳወጧት ይመስላቸዋል። በደጋው ብርድ ትሞታለች፤ በሌላ ስፍራ ብትተርፍም ከቤት የያዘችውን በሽታ ለዱሮቹ ታወርሳለች። አውሮፓውያን ከአሜሪካ ያመጧቸውን፥ በጆሮአቸው አጠገብ ቀይ ምልክት ያለባቸውን ትንንሽ የውኃ ኤሊዎች፥ ባደጉባቸው ጊዜ በየወንዛቸው እየጣሉ የአገሩን ኤሊ አስጨነቁ፤ እስከዚህም ስለ ደረሰ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከለ። ሁለተኛ፥ መያዟን ለባለሥልጣኑ ማስታወቅና ምን እንዲደረግ ማማከር ነው። በሆለታ አጠገብ «እንስሳ ኮቴ» የሚባል፥ ከሕገ ወጥ እጅ የተወሰዱ አንበሶች፥ አቦ ሸማኔዎችና ሌሎችም የዱር እንስሳት የሚጠለሉበት ስፍራ አለ፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች መኖራቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ግን ጾሟን መዋል የለባትም። በጧት ፀሐይ የሚያገኘው የበረንዳ ጥግ የእርሷ ይሁን፤ የበረንዳው የሥር ክፍተት በሳንቃ ይዘጋ፤ ቀኑ ሲሞቅ በጥላና በፀሐይ መካከል እንድትመርጥ ግማሹ ይሸፈን። ሣር ከመንገድ ዳር ሳይሆን መኪናና መድኃኒት ካልነካው ስፍራ ይታጨድላት። ማታ ማታ ከሲሚንቶው ላይ ተነሥታ ድርቆሽ ወዳለበት ሣጥን ትግባ። በየሳምንቱ በሚዛን ተመዝና ክብደቷ ከቀኑ ጋራ በደብተር ይጻፍ፤ እርሷ አሞኛል አትልምና ከሁሉ ቀድሞ የሚናገርላት ያ ደብተር ነው። የምትበላውን፥ የምትጠላውን፥ የታመመችበትንም ወር በዚያው ላይ ማስፈር ይገባል፤ ባለቤቷ አንድ ቀን ከኮዬ ፈጬ የሄደ እንደ ሆነ ተቀባዩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያነበዋል።